በግቢ ሣር ሥር ስለሚገኙ ነጫጭ እጮች፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ቆፍረው ይቁጠሩ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው 120 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የግቢ ሣር አላቸው። ካለፉት ጥቂት ሳምንታት ወዲህ ሣሩ ቦታ ቦታ እየለየ ቢጫ ሆኗል፤ ውኃ ቢያጠጡትም አላገገመም። ማለዳ ማለዳ ወፎች እየመጡ መሬቱን ይጭራሉ። የደረቀውን ክፍል በእጃቸው ሳብ ሲያደርጉት እንደ ምንጣፍ ተነሥቶ መጣላቸው፤ ከሥሩም ግማሽ ቀለበት ሠርተው የተጠቀለሉ፣ ቡናማ ራስ ያላቸው፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ወፋፍራም ነጫጭ ትሎች አገኙ። አንድ ወዳጃቸው ሳሙና በጥብጠው እንዲያፈሱበት፣ ሌላው ደግሞ ኃይለኛ ፀረ ተባይ ገዝተው ግቢውን በሙሉ እንዲረጩ መክረዋቸዋል። በሣሩ ላይ ልጆችና ውሻ ስለሚጫወቱ የትኛውን ምክር ቢከተሉ እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

ለጊዜው ሁለቱንም ያቆዩአቸው። ሳሙናው አይጠቅምም፤ ኃይለኛ የተባለው መድኃኒትም ምንነቱና የሚረጭበት ወቅት ካልታወቀ ገንዘብን አፈር ውስጥ ከመቅበር አይለይም። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ያልተሳኩ ርጭቶች የሚበዙት የከሸፉት መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ እጩ መድኃኒቱ በቀላሉ ሊገድለው የሚችልበትን ዕድሜ ካለፈ በኋላ በመረጨቱ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ወጪ በፊት ከእርስዎ የምጠብቀው አንድ አካፋና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

ትል እንበላቸው እንጂ ያገኟቸው ፍጥረታት ትሎች አይደሉም፤ የጥንዚዛ እጮች ናቸው። ማታ በመብራት ዙሪያ እያንዣበቡ ከግድግዳ ጋር የሚጋጩት፣ አንዳንዶቹም በጠራራ ፀሐይ ቅጠልና አበባ ሲበሉ የሚታዩት ጥንዚዛዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት አፈር ውስጥ ነው፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውም እጭ የሣር ሥር እየበላ ያድጋል። ስካራብ በሚባለው በዚህ የጥንዚዛ ቤተሰብ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ቢኖሩም ሣርን አምርረው የሚጎዱት ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው የጃፓን ጥንዚዛ ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነ ነው፤ መነሻው ደቡባዊ አፍሪካ ሆኖ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድ የተሻገረው ጥቁር ጥንዚዛም በደረሰበት አገር ሁሉ የሣር ሜዳ ጠላት ሆኗል።

በእጅዎ የያዙት እጭ በእርግጥ ከእነዚህ ወገን መሆኑን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። ከራሱ ሥር ስድስት ጉልህ እግሮች አሉት፤ ጭራው በኩል ያለው የሰውነቱ ክፍል የበላው አፈርና ሥር በቆዳው ውስጥ ስለሚታይ ጠቆር ይላል፤ ሲነኩትም ጭምድድ ብሎ ይጠቀለላል። እግር ጨርሶ የሌለው፣ ራሱም ተለይቶ የማይታይ ግራጫ እጭ ካገኙ የረጃጅም እግር ዝንቦች ዘር ነውና ሕክምናው ይለያል። ከፊት ካሉት ስድስት እግሮች ሌላ በሆዱ ሥር ደንደን ያሉ አጫጭር መራመጃዎች ካሉት ደግሞ የእሳት እራት ልጅ፣ ማለትም አባጨጓሬ ነው፤ እርሱ የሚበላው ሥሩን ሳይሆን ቅጠሉንና አንገቱን ነው። አንድ የምወዳት ቀላል መፈተኛም አለች። እጩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያኑሩትና ይመልከቱት፤ በጀርባው ተገልብጦ፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጀርባው እየተንፏቀቀ የሚሄድ ከሆነ የበሰበሰ ነገር ከሚበሉት ወገን ነው። በብስባሽ ክምር ውስጥ የሚገኙት ትልልቅ ነጫጭ እጮች በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ብስባሹን ያደቅቃሉ እንጂ የሣር ሥር አይቆርጡም፤ ስለዚህ ይተዉአቸው። በጎኑ እንደ ተኛ የሚፍጨረጨረው ነው የእርስዎ ባለጋራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዕድሜው እንምጣ። እናቲቱ ጥንዚዛ እርጥብ አፈር ትመርጥና ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የጃፓኗ ጥንዚዛ ለምሳሌ በዕድሜዋ ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ለመፈልፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ከአፈሩ ውኃ እየመጠጠ ስለሚያብጥ አፈሩ ከደረቀ ይጨነግፋል። የተፈለፈለው እጭ ሁለት ጊዜ ቆዳውን እየጣለ በሦስት የዕድሜ ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤ የሚበላውም ኢምንት ነው። በሁለተኛው ይፋጠናል። በሦስተኛው ግን ከቀደሙት ሁለቱ ተደምረው እጅግ የሚበልጥ ሥር ይበላል። ሣሩ ቢጫ ሲሆን የምናየው በዚህ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ እጩ በቀላሉ የሚሞትበት ጊዜ ምንም ምልክት የማይታይበት ጊዜ ሲሆን፣ ምልክቱ የሚታየው ደግሞ እጩ ሰውነቱ ጠንክሮ መድኃኒት መቋቋም ከጀመረ በኋላ ነው። የእርስዎ እጮች ሁለት ሴንቲ ሜትር ከደረሱ ከሦስተኛው ደረጃ ላይ እንደ ሆኑ መገመት ይቻላል።

ይህ ዑደት በየትኛው ወር እንደሚውል ልነግርዎ አልሞክርም፤ ከአየር ንብረት ጋር የተቆራኘ ስለ ሆነ የአንዱ አገር የቀን መቁጠሪያ ለሌላው አይሠራም። ብርቱ ብርድና ውርጭ ባለበት አገር ጥንዚዛዎቹ በሞቃቱ ወራት መጀመሪያ ይወጣሉ፤ እጮቹ እስከ ብርዱ መግቢያ ሲበሉ ቆይተው ውርጭ ወደማይደርስበት ጥልቀት ይወርዳሉ፤ ሲሞቅ ተመልሰው ለጥቂት ሳምንታት ከበሉ በኋላ መብላት አቁመው ወደ ጥንዚዛነት ይለወጣሉ። ዝናብና ደረቅ ወቅት በሚፈራረቁበት አገር ደግሞ የብዙዎቹ መነሻ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ነው፤ በዝናቡ ወራት ያድጋሉ፤ አፈሩ ሲደርቅ ወደ ታች ይወርዳሉ። ዑደቱን ለመጨረስ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጅባቸው ዝርያዎችም ስላሉ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ትልቅና ትንሽ ተቀላቅለው ቢያገኙ አይደነቁ። ስለዚህ ወሩን ከማስታወስ ይልቅ ጥንዚዛዎቹ በብዛት መብራት መክበብ የጀመሩበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ይበልጥ ይረዳል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ባሉት ሳምንታት ውስጥ አፈሩ ውስጥ ያሉት እጮች ገና ትንንሾች ናቸው።

ቆጠራውን እንዴት እንደሚያካሂዱ ልግለጽ። አብዛኛው ሰው የሚቆፍረው ሣሩ ሙሉ በሙሉ ከሞተበት መካከል ላይ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም እጮቹ እዚያ ያለውን ሥር ጨርሰው ወደ ዳር ሄደዋል። የሚቆፈረው ቢጫው ከአረንጓዴው ጋር በሚገናኝበት ወሰን ላይ ነው፤ ለማነጻጸሪያ እንዲሆንም ጤናማ በሚመስለው ክፍል ላይ ሁለት ሦስት ቦታ መቆፈር ይገባል። በየቦታው ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ምልክት ያድርጉ፤ በሦስት ጎኖቹ በአካፋ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ሣሩን ከነአፈሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ አራተኛው ጎን ይግለጡት። ከሥሮቹ መካከል ያለውንም ከታች ያለውንም አፈር በጣትዎ እያፈረፈሩ እጮቹን ቆጥረው ይመዝግቡ፤ ከዚያም ሣሩን መልሰው፣ በእግርዎ ጠቅጥቀው፣ ውኃ ያጠጡት፤ ምንም ሳይሆን ይይዛል። ለ120 ካሬ ሜትር ስምንት ወይም አሥር ጉድጓድ በቂ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል? በአንድ እንዲህ ባለ ጉድጓድ በአማካይ ከአምስት በታች ካገኙ፣ ያ ማለት በካሬ ሜትር ከ55 በታች ከሆነ፣ ጤናማ ሣር ያለ ምንም መድኃኒት ይቋቋመዋል። ከአምስት እስከ አሥር ከሆነ ውሳኔው በሣሩ ጤንነትና በውኃው ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሥሩ ጥልቅ የሆነና በደንብ የሚጠጣ ሣር አሥርም ተሸክሞ አረንጓዴ ሆኖ ሲኖር አይቻለሁ፤ በአጭሩ የሚታጨድና የተጠማ ሣር ግን በአምስትም ይወድቃል። ከአሥር በላይ ከሆነ እርምጃ ያስፈልጋል። እነዚህ ቁጥሮች መካከለኛ መጠን ላላቸው ዝርያዎች የሚሠሩ ናቸው፤ እንደ አውራ ጣት የሚወፍሩ ትልልቅ እጮች ከሆኑ ሦስትና አራትም በቂ አደጋ ነው። አንዲትም እጭ የማትገኝበት የሣር ሜዳ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት መኖራቸውን እንደ በሽታ አይቁጠሩት።

ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሣሩ ግን እየሞተ ከሆነ ጥፋተኛው ሌላ ነው። እኔ ራሴ በሙያው ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ግቢ ውስጥ የደረቀ ሣር ሥር ጥቂት እጮች አግኝቼ ያለ ቆጠራ መድኃኒት አስረጨሁ፤ ሣሩ መድረቁን አላቆመም። በኋላ ጠለቅ ተደርጎ ሲቆፈር ከስስ አፈር ሥር የግንባታ ፍርስራሽ ተቀብሮ ተገኘ፤ ሥሩ መውረጃ አጥቶ ኖሯል። የውሻ ሽንት፣ በደነዘ ምላጭ መታጨድ፣ የሻጋታ በሽታ፣ የውኃ እኩል አለመዳረስ፣ ሁሉም ከሩቅ ሲታዩ የእጭን ጉዳት ይመስላሉ። የሚለያቸው መሳቡ ነው፤ በውኃ ጥም ወይም በሽንት የደረቀ ሣር ሲስቡት ሥሩ ይይዛል፣ ቅጠሉ ይበጠሳል፤ እጭ የበላው ግን ያለ ምንም ትግል ተላቆ ይመጣል። የእርስዎ ሣር እንደ ምንጣፍ መነሣቱ ወደ እጮቹ የሚያመለክት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ቢሆንም ይቁጠሩ።

ቆጠራው ከአሥር በላይ ሆነ እንበል። ቀጥሎ የሚጠየቀው እጮቹ አሁንም እየበሉ ነው ወይስ አቁመዋል የሚለው ነው። ጭራቸው በኩል የጠቆረ ከሆነ ሆዳቸው ሙሉ ነውና እየበሉ ናቸው። ሰውነታቸው በሙሉ ወጥ የሆነ ቅቤ መሳይ ቀለም ይዞ፣ በአፈር ውስጥ ለራሳቸው ባበጁት ትንሽ ጎድጓዳ ክፍል ተቀምጠው ካገኟቸው ግን አንጀታቸውን አራግፈው ለመለወጥ ተዘጋጅተዋል። እንዲህ ከሆኑ ምንም አይርጩ። ከእንግዲህ ሣር አይበሉም፤ በዚያ ደረጃ ላይ የሚያጠፋቸው መድኃኒትም የለም ማለት ይቻላል። ጊዜዎንና ገንዘብዎን ሣሩን ለመጠገንና ለሚመጣው ትውልድ ለመዘጋጀት ያውሉት።

እየበሉ ከሆነ፣ ልጆችና ውሻ ባሉበት ግቢ እኔ በመጀመሪያ የምመርጠው ጠቃሚ ኔማቶዶችን ነው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ክር መሳይ ፍጥረታት ሲሆኑ፣ በአፈሩ ውኃ ውስጥ እየዋኙ እጩን ፈልገው ወደ ሰውነቱ ይገቡና ይዘዋቸው የሚመጡትን ባክቴሪያ ይለቁበታል፤ እጩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሰውንም ሆነ የቤት እንስሳን አይነኩም። ነገር ግን ዝርያቸው ወሳኝ ነው። ለነጭ እጭ የሚመረጠው ሄትሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ የሚባለው ነው፤ እርሱ ወደ አፈሩ ጠልቆ ያድናል። በገበያ በብዛት የሚገኘው ስታይነርኔማ ካርፖካፕሳ ግን ከላይ ተቀምጦ አላፊውን የሚጠብቅ በመሆኑ ለአባጨጓሬ እንጂ ለእጭ ብዙም አይረዳም። የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይግዙ።

ኔማቶድ ሕይወት ያለው ነገር ነውና እንደ ዱቄት መድኃኒት ሊያዝ አይችልም። የማለቂያ ቀኑ ያላለፈበትን ይግዙ፤ እስኪጠቀሙበት ድረስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት፤ በረዶ ግን አይሥራ። የተለመደው መጠን በካሬ ሜትር 250,000 ያህል ሲሆን ለእርስዎ ሣር በጠቅላላው ወደ 30 ሚሊዮን ይሆናል፤ ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፣ በአንዲት ትንሽ እሽግ ውስጥ የሚገባ ነው። የፀሐይ ብርሃን ስለሚገድላቸው የሚረጩት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወይም ደመና በሸፈነው ቀን ነው። የአፈሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ይደነዝዛሉ፤ ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ በደንብ ይሠራሉ። ከመርጨት በፊት አፈሩን ያርጥቡ፣ በመርጫው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ማጣሪያ ያውጡ፣ በርሜሉን አሥር አሥር ደቂቃ እያሉ ይነቅንቁት፤ ካልሆነ ከታች ይዘቅጣሉ። እንደ ረጩ ወዲያው እንደገና ውኃ ያጠጡ፤ ከዚያም ቢያንስ ለአሥር ቀን አፈሩ እንዳይደርቅ ይጠብቁ። ሥራቸውን መሥራታቸውን ለማወቅ ከሳምንት በኋላ ቆፍረው ይመልከቱ፤ በዚህ ዝርያ የተያዘ እጭ የጡብ ዓይነት ቀይ ቡናማ ቀለም ይይዛል። ትልልቅ እጮችን ሁሉ ይጨርሳሉ ብዬ አላባብልዎም፤ በትንንሾቹ ላይ ሲረጩ ውጤታቸው ይበልጥ የተሻለ ነው። ቁጥሩን ሣሩ ሊሸከመው ወደሚችለው መጠን ካወረዱልዎ ግን ይበቃል።

ስለ ኬሚካሎቹም ግልጽ ልሁን። የነጭ እጭ ኬሚካሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ገዢዎች አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀማቸውም የሁሉም ብክነት ምንጭ ነው። የመጀመሪያዎቹ አስቀድሞ የሚከላከሉ ናቸው፤ ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ክሎቲያኒዲን፣ ታያሜቶክሳምና ክሎራንትራኒሊፕሮል በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። እነዚህ እንቁላል በሚጣልበትና እጩ በሚፈለፈልበት ወቅት አፈሩ ውስጥ ሊጠብቁት ይገባል፤ የእርስዎን ዓይነት የደረሰ እጭ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድሉም። ሁለተኛዎቹ በቦታው ያለውን እጭ ለመግደል የሚረጩ ናቸው፤ ትራይክሎርፎንና ካርባሪል የሚታወቁት በዚህ ነው። ትራይክሎርፎን ፈጥኖ ይሠራል፣ ፈጥኖም ይበላሻል፤ በተለይ ባሕርይው ወደ አልካላይ፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ ባዘነበለ ውኃ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ተበጥብጦ አይታደርም። ካርባሪል ደግሞ ለንቦችና አፈር ለሚያለሙት ትሎች ጎጂ ነው። በየመደብሩ በቀላሉ የሚገኙት ፓይረትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች በበኩላቸው ከላይ ባለው የደረቀ ሣር ንጣፍ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ ወደ እጩ አይደርሱም፤ ጠያቂው እንዲገዙት የተመከሩት ኃይለኛ መድኃኒት ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ጥንዚዛ በሌለበት ጥንዚዛ ማሳደድ ነው።

ኬሚካል መጠቀም ግድ ከሆነ የአገርዎ ሕግ ለቤት ሣር የፈቀደውን ብቻ ይምረጡ። የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ኢሚዳክሎፕሪድን፣ ክሎቲያኒዲንንና ታያሜቶክሳምን በንቦች ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ከቤት ውጭ በሚገኝ ተክል ላይ እንዳይውሉ ከልክሏል። በሚፈቀዱበትም አገር ቢሆን ከመርጨትዎ በፊት ሣሩን አጭደው በውስጡ ያበቡ አረሞችን አበባ ማስወገድ ከንብ ዕዳ ያድናል። ክሎራንትራኒሊፕሮል ለንቦች የዋህ በመሆኑ ከመከላከያዎቹ መካከል እኔ እርሱን አስቀድማለሁ፤ ነገር ግን በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሠርግ ከሌሎቹ ሳምንታት ቀደም ብሎ መረጨት አለበት። የትኛውም ቢሆን ከተረጨ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውኃ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ በካሬ ሜትር ከ6 እስከ 12 ሊትር መሆኑ ነው፤ ካልታጠበ ከሣሩ ላይ ይቀራል፣ ልጆችዎም የሚነኩት እርሱን ይሆናል። ልጆችና ውሻው ሣሩ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ፣ ማሸጊያው ከዚያ የበለጠ ጊዜ ካዘዘም እስከዚያ ድረስ ወደ ሣሩ አይውጡ። በመጋዘን ጥግ የቆየ፣ ጽሑፉ የለቀቀ ዕቃ ካለ ፈጽሞ አይክፈቱት። በአንድ ወቅት ለእጭ ይረጩ የነበሩት ክሎርዴን፣ ዲልድሪንና ሄፕታክሎር እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ከተወገዙት መርዞች መካከል ናቸው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት አይጠፉም።

የሳሙናው ውኃ እጩን ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል ተብሎ ይታመናል፤ ሳሙና ወደ ላይ የሚያወጣው ግን በሣሩ ላይኛ ክፍል ያሉትን አባጨጓሬዎችና የአፈር ትሎችን ነው። ጨው፣ ነጭ ጋዝና ናፍጣ ከእጩ በፊት ሣሩንና አፈሩን ይገድላሉ። አመድ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ጥቅምም የለውም። ሰው የሚስቅበት፣ እኔ ግን የማልንቀው ሌላ ዘዴ አለ፦ ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ሚስማሮች ያሉት ጫማ ተጫምቶ በረጠበ ሣር ላይ መመላለስ። እጮቹ ከላይ ባሉበት ሰዓት ያንኑ ቦታ አራት አምስት ጊዜ ደጋግመው ከረገጡት ብዛታቸው ሊታወቅ በሚችል መጠን ይቀንሳል፤ አፈሩም ይተነፍሳል። በሜዳ ስፋት አይታሰብም፤ ለጥቂት የተጎዱ ቦታዎች ግን አድካሚ ከመሆኑ በቀር ነውር የለበትም። የደረቀውን ምንጣፍ አንሥቶ እጮቹን በእጅ መልቀምም እንዲሁ ነው። ወፎቹንም አያባርሯቸው፤ የሚያበላሹት ቀድሞ የሞተውን ነው።

ሣሩን መጠገን ከመግደሉ ጎን ለጎን ይጀመራል እንጂ አይጠብቅም። ሥሩ የተቆረጠ ሣር ጥልቅ ውኃ መድረስ ስለማይችል እንደ ጤነኛ ሣር በሳምንት አንዴ ሁለቴ አጥልቀው ቢያጠጡት አይረዳውም፤ ለሁለት ሦስት ሳምንት ጥቂት ጥቂት ውኃ በየቀኑ ይስጡት። እጮቹ የቦረቦሩትን ልል አፈር በከባድ ማንከባለያ ወይም ቢያንስ በሳንቃ ላይ ቆመው ይጠቅጥቁት፤ ሥርና አፈር ካልተነካኩ አዲስ ሥር አይወጣም። በመሬት ላይ ወይም ከመሬት ውስጥ እየተሳበ የሚስፋፋ ሣር ከሆነ ባዶውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል፤ በቁጥቋጦ የሚያድግ ከሆነ ግን የሞተውን ቧጥጠው አንሥተው ዘር መበተን አለብዎት። ማዳበሪያ በመጠኑ፣ እርሱም አዲስ ቅጠል ማየት ሲጀምሩ።

ለሚቀጥለው ዑደት ሁለት ነገር ይበቃዎታል። አንደኛው የማጨጃዎን ከፍታ ማንሣት ነው፤ ዝርያው የሚፈቅድ ከሆነ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚታጨድ ሣር ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ጥንዚዛዋም እንቁላል ለመጣል እንደ አጭሩ ሣር አይመቻትም። ሁለተኛው ጥንዚዛዎቹ በሚበሩባቸው ሳምንታት ውኃውን መቀነስ ነው። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ የእርስዎ ሣር ብቻ ርሶ ከተገኘ የአካባቢው ጥንዚዛ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ይወልዳል፤ የተጣለውም እንቁላል ይለማል። ድርቅ የሚችል ሣር ካለዎት ለሁለት ሦስት ሳምንት ቢጠማ ተመልሶ ይለመልማል፤ ድርቅ የማይችል ከሆነ ግን ሣሩን ለማዳን ሣሩን መግደል ስለሚሆን ይህን ምክር ይዝለሉት። ጥንዚዛዎችን በጠረን የሚስቡ ወጥመዶች ይሸጣሉ፤ ከሚይዙት የበለጠ ወደ ግቢዎ ስለሚጠሩ አልመክራቸውም።

ጥንዚዛዎቹ መብራት መክበብ ከጀመሩ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ሣሩ አረንጓዴ ቢሆንም እንኳ፣ ዘንድሮ በተጎዱት ቦታዎች ላይ አራት አምስት ጉድጓድ ቆፍረው ይቁጠሩ። ኔማቶድ የሚረጩ ከሆነ ትክክለኛው ሳምንት ያ ነው፤ በየጉድጓዱ ከአምስት በታች ካገኙ የዚያን ዓመት ምንም አይግዙ።